ዓርብ የማይጋጠም ቦክሰኛ

ከዚህ ጉዞ በፊት ከአገር የወጣሁት ሁልጊዜ ቡድን ተከትዬ ነው። ናይሮቢ ይሁን ካይሮ፣ ከፊቴ ቱታ የለበሱ ልጆች ይኖራሉ፤ ሲበሉ አብሬ እበላለሁ፣ ሲሸነፉ እጽፋለሁ። በዚህኛው ጉዞ ከፊቴ የሚሄድ አልነበረም። የዓመት ዕረፍቴን አጠራቅሜ አሜሪካ ድረስ የሄድኩት፣ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው አንድ ቦክሰኛ ልጁ እንደምትለው ዓርብ ማታ ሳይጋጠም መኖር አለመኖሩን ላጣራ ነው። ስመለስ የስፖርት ክፍል ባልደረቦቼ ዋሺንግተን እንዴት ናት አሉኝ። ዋይት ሐውስን አላየሁም። ያየሁትን በየቀኑ ከያዝኩት ደብተር ገልብጬ አቅርቤላችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ታናሽ እህቴ ጽጌ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትረዳለች። ከምትረዳቸው አንዱ ሚስተር ሐሪ የሚባሉ የሰማንያ ስድስት ዓመት አይሁዳዊ ናቸው። እኚህ ሰው ከጡረታ በኋላ ያለውን ዕድሜያቸውን ሁሉ የሰጡት፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ለተጋጠሙ አይሁዳውያን ቦክሰኞች መዝገብ ነው። ማን ከማን ጋር መቼ ተጋጠመ፣ ማን አሸነፈ፣ ደግሞስ ሰውየው በእርግጥ አይሁዳዊ ነበር ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ብዙ የአይሁድ ልጆች እናታቸው ጋዜጣ ላይ እንዳታያቸው በአየርላንድ ስም ይጋጠሙ ነበር። የአይሁድ ሰፈር ተመልካች እንዲመጣላቸው ሲሉ ደግሞ፣ አይሁዳዊ ሳይሆኑ ቁምጣቸው ላይ የዳዊትን ኮከብ የሚያሰፉም ነበሩ።

ሚስተር ሐሪ ዓይናቸው እየደከመ መጣ። ጽጌ ወንድሜ አዲስ አበባ የቦክስ ጋዜጠኛ ነው ስትላቸው በስልክ አገናኚኝ አሏት። ሰላምታ ሳያበዙ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ የድሮ ጋዜጣ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማነበው ርዕሱን ነው ወይስ ቀኑን?

"ቀኑን" አልኩ።

"እንግዲያው ና" አሉኝ።

ሚሌኒየማችንን ባከበርን በሁለተኛው ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ ሄድኩ።

ቅዳሜ

ሻንጣዬ ውስጥ ጽጌ ያዘዘችው በርበሬና ሽሮ፣ ሦስት ደብተር፣ ስድስት እርሳስና አንድ አጉሊ መነጽር ነበር። እርሳሱ የሚስተር ሐሪ ትእዛዝ ነው፤ መዝገቦቻቸው ባሉበት ክፍል እስክሪብቶ አይገባም። ቦሌ ላይ ፈታሹ እርሳሶቹን ቆጥሮ መምህር ነህ ወይ አለኝ። ወደዚያው ነው አልኩትና አለፍኩ።

እሑድ

ጠዋት ደለስ አየር ማረፊያ ወረድን። ጽጌ ለኢሚግሬሽን ሰው "እህቴን ልጠይቅ ነው" ብቻ በል ብላኝ ነበር። እኔ ግን በሥራዬ ግማሽ መልስ ሲሰጡኝ የምናደድ ሰው ነኝና፣ እህቴን ልጠይቅና አንድ ቦክሰኛ ላጣራ ነው የመጣሁት አልኩ። ሰውየው ቦክሰኛው የት እንደሚኖር ጠየቀኝ። ሞቷል አልኩት። ማኅተሙን አንጠልጥሎ ትንሽ ካየኝ በኋላ የሱም አያት ቦክሰኛ እንደነበሩ፣ ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ይሉ እንደነበር ነገረኝ። "ጊዜ ከተረፈህ እሳቸውንም አጣራልኝ" ብሎ ፓስፖርቴን መታ።

ከአንዲት ሴት ስልክ ለምኜ የእህቴን ባል ቁጥር ደወልኩ። "ሄሎ፣ ሰለሞን" አለ ያነሳው ሰው። በር ላይ ታክሲውን አቁሞ ጠበቀኝ። ሰለሞንን የማውቀው በሠርግ ፎቶ ብቻ ስለሆነ አንገቱን አቅፌ ደጋግሜ ሳምኩት፤ የእናቱን ጉልበት ሕመምም ጠየቅኩት።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት" አለኝ።

እጄን ከትከሻው ላይ ሳላነሳ ቆምኩ። እሱም ሳቁን መያዝ አልቻለም።

"ጋሼ፣ እኔ ኑሩ ነኝ" አለኝ ሻንጣዬን እየጫነ። "ሰለሞን ቅዳሴ ላይ ነው። እሑድ ጠዋት ሰለሞን እኔ ነኝ።"

ኑሩና ሰለሞን ያንን ታክሲ ለሁለት ነው የሚነዱት፤ ለደንበኛ የሚሰጡት ስልክም አንድ ነው። እሑድ ጠዋት ሰለሞን ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ኑሩ ይሠራል፤ ዓርብ ቀትር ኑሩ ጁምዓ ሲሰግድ ሰለሞን ይረከባል። የድሮ ደንበኞች የለመዱት "ሰለሞን" የሚለውን ስም ነው። ለእያንዳንዱ ማስረዳት ሲሰለቻቸው፣ ስልኩን የያዘ ሁሉ ሰለሞን እንዲሆን ተስማሙ። ሁለቱም ፈቃድ አላቸው፣ ሁለቱም መንገዱን ያውቃሉ፣ ማንም አልተበደለም አለኝ ኑሩ። ሳቅሁ፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ከዚያም ረሳሁት።

እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ አንድም ጥሩንባ አልሰማሁም። ከቦሌ እስከ ፒያሳ ያለውን የጆሮ ሥራ ለለመደ ሰው ይህ ዝምታ ራሱ ያስጨንቃል፤ ሁለት ጊዜ መኪናው የጠፋ መስሎኝ ነበር።

የጽጌ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሳሎኑ ሶፋ ተዘርግቶ አልጋ ሆኖልኛል። ጽጌ ሁለት ቦታ ስለምትሠራ አብራኝ እንደማትውል ታውቃለች፤ ስለዚህ ፍሪጁን ከፍታ አሳየችኝ። የሳምንቱ ምግቤ በየዕቃው ተደርድሮ በላዩ ላይ ቀን ተጽፎበታል። ረቡዕና ዓርብ ላይ "ጾም" የሚል ተጨምሯል። ማይክሮዌቩ ላይ ደግሞ "ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ተጫን" የሚል ወረቀት ለጥፋለች። አገር ቤት እኔ ነኝ ታላቅ፤ እዚህ ግን የሷ ታናሽ ሆኜ ሰነበትኩ፣ አልከፋኝምም።

ሰኞ

ሚስተር ሐሪ የሚኖሩት ከጽጌ ቤት በእግር የሚደረስበት ሕንፃ ውስጥ ነው። ትንሽ ሰው ናቸው፤ ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። ጭንቅላታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው በዓይናቸው ጠርዝ ያዩኛል፤ መሐሉ ጠፍቶባቸዋል። ከወለል እስከ መስኮት ድረስ የጫማ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ በያንዳንዱ ውስጥ ካርዶች፣ በያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ቦክሰኛ። ጽጌ በየሳምንቱ አንድ በአንድ አውርዳ አቧራውን ጠርጋ ቦታው ትመልሳለች። "አንዱን ባሳስት ያውቃሉ፤ በእጃቸው ነው የሚያነቡት" አለችኝ በአማርኛ። እሳቸው ስለሳቸው እንደተወራ ገብቷቸው ፈገግ አሉ።

ሕጋቸውን ነገሩኝ። አንድ ነገር መዝገብ ውስጥ የሚገባው በዘመኑ በተጻፉ፣ አንዱ ከሌላው ያልተቀዱ ሁለት ወረቀቶች ሲረጋገጥ ነው። የልጅ፣ የወንድም፣ የጎረቤት ምስክርነት አይቆጠርም። የእኛ ጋዜጣ የድሮ እትሞች በቃጫ ታስረው ምድር ቤት መቀመጣቸውን፣ አንዳንዱንም አይጥ እንደቀደመን ስነግራቸው እንደ ለቅሶ ቤት ዜና ሰሙኝ።

ከዚያ ያስመጡኝን ካርድ አወጡ። "ሚኪ ላቨል" ይላል፤ ሃያ ዘጠኝ ግጥሚያ፣ ባልቲሞርና ዋሺንግተን ውስጥ፤ ቀኖቹ ሁሉ ገና አልተሞሉም። ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ሚስስ ሩት የሚባሉ ሴት ሚኪ ላቨል አባቴ ነው፣ እውነተኛ ስሙ አብራሃም ሴልኒክ የሚባል አይሁዳዊ ነው እያሉ ለስድስት ዓመት ሲደውሉላቸው ኖረዋል። እንደ ሴትየዋ ቃል አባታቸው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ለሚገባው ሰንበት ሲል ዓርብ ማታ አይጋጠምም ነበር። ሚስተር ሐሪ ግን ሚኪ ላቨል ዓርብ ማታ ሲጋጠም የሚያሳዩ ሁለት ወረቀቶች አግኝተዋል። እናም ሦስት ጊዜ፣ አባትሽ ሌላ ሰው ነው ብለዋቸዋል።

መዝገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማተሚያ ቤት ይገባል። ሁለተኛ እትም የለውም፤ ከዚህ በኋላ የራሳቸውን ጽሑፍ እንኳን ማንበብ አይችሉም።

"ተሳስቼ ከሆነ ተሳስተሃል በለኝ" አሉ። "ልክ ከሆንኩ ግን የምትነግራት አንተ ነህ። እኔ አራተኛ ጊዜ አልችልም።"

ማክሰኞን ካርዶች ሳነብላቸው ዋልኩ። ቀኑን አስቀድሜ።

ረቡዕ

ወደ አሌክሳንድሪያ በሜትሮ መሄድ ነበረብኝ። ጽጌ መንገዱን በባንዲራችን አስጠናችኝ፤ በቀዩ ትሄዳለህ፣ መሐል ከተማ ወርደህ ቢጫውን ትይዛለህ፣ አረንጓዴውን እንዳትነካ። ቀዩን በትክክል ተሳፈርኩ። የምቀይርበት ጣቢያ ስደርስ ግን ቢጫውም አረንጓዴውም አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ አንዱ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሲገባ አብሬ ገባሁ። ደብተሬን እየጻፍኩ ቀና ስል ባቡሩ ባዶ ሆኗል። ድምፅ ማጉያው የመጨረሻው ጣቢያ ነው፣ ሁላችሁም ውረዱ ይላል። ግሪንቤልት ነኝ፤ ቨርጂኒያን ፍለጋ ወጥቼ ሜሪላንድ ውስጥ በሌላ አቅጣጫ።

ካርታው ፊት ቆሜ የጣቢያዎቹን ስም በአማርኛ እየቆጠርኩ ሳለ አንዲት የሥራ ልብስ የለበሰች ሴት "ጋሼ፣ የት ሊሄዱ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ "አረንጓዴውን ነክተዋላ" አለች። ሺፍቷን ጨርሳ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር፤ የምትኖርበት ሕንፃ ከጣቢያው ይታያል። በእጅዋ ጠቁማኝ ልትሄድ ትችል ነበር። እሷ ግን ተመልሳ ከእኔ ጋር ተሳፈረች፤ መቀየሪያው ጣቢያ ድረስ አመጣችኝ፤ ቢጫው ባቡር ውስጥ አስገብታኝ በሩ እስኪዘጋ ቆመች። ከሠላሳ ዓመት የጋዜጠኝነት ሥራ በኋላ ስሟን ሳልጠይቅ መቅረቴን ያወቅሁት ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነብ ከሆነ፣ በደህና ደርሻለሁ።

ሚስስ ሩት ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ባለቀይ ሸክላ ጠባብ ቤታቸው መስኮት ላይ ቆመው ነው ያገኘኋቸው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አስጠብቄያቸዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ዶሮ ቀርቧል። በእኛ አገር ቢሆን እንግዳ ይህን ሁሉ አዘግይቶ አልበላም ማለት ነውር ነው፤ ነገር ግን ረቡዕ ነበርና ተናገርኩ።

"ረቡዕ ደግሞ ምን አለው?" አሉኝ።

ረቡዕና ዓርብ ሥጋም ወተትም እንደማንበላ አስረዳኋቸው። ምንም ሳይከፋቸው ሳህኑን አነሱ፤ ዳቦ፣ ቲማቲምና የተቀቀለ ድንች አምጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"አባቴም ዓርብ ነበረው" አሉ።

አባታቸው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ እናቱ አንድ ማለዳ ያበጠ ዓይኑን አይታ ነገሩን አወጣጣችው። ቦክሱን ልታስተወው አልቻለችም። የዓርብ ማታ ሻማ ሲበራ ግን ጠረጴዛው ላይ እንዲገኝ አስማለችው። "በሌላው ቀን ጥርስህን ያውልቁት፤ ዓርብ ያለህን ጥርስ ይዘህ እራት ትቀርባለህ" አለችው። ሚስስ ሩት ይህን ሲያወሩ የአያታቸውን ድምፅ አወፍረው ነው።

ግድግዳው ላይ በመስታወት የተቀመጠ የጋዜጣ ቁራጭ አለ። ሚኪ ላቨል በዘመኑ ስመ ጥር የነበረን ቦክሰኛ በአራተኛው ዙር እንደዘረረ ይናገራል። ቀን የለውም፤ የእናታቸው ወንድም በመቀስ ሲቆርጠው ቀኑን ትቶታል። ያሰቀለውም እሱ ነው። አባታቸው ስለዚያ ግጥሚያ ሲጠየቅ ወሬ ይቀይር ነበር፤ ሲበላም የሚቀመጠው ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ነው። "ካሸነፍኩት የተሸነፍኩት ይበልጣል" ሲላቸው ልጆቹ መስታወቱን እያሳዩ ይስቁበት ነበር። ትሑት ሰው ነው ይሉ ነበር።

ከመሳቢያ አንድ ፎቶ አወጡልኝ። ቀጭን ልጅ፣ ግራ እግሩ ከፊት፣ ቀኝ እጁ ከአገጩ ሥር። በቀኙ የሚመታ ሰው አቋቋም ነው። ቀኝ እጅ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ለምን እንደጻፍኩት ያኔ አላውቅም፤ ልማድ ነው።

ልሰናበት ስል እጄን ያዙኝ።

"ሐሪ የሚሉት ልክ ከሆነ፣ አባቴ ወይ ሚኪ ላቨል አልነበረም፣ ወይ ለእናቱ የማለውን አፍርሷል። ከሁለት አንዱን ዋሽቶናል። የቱን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ መጥፎውንም ቢሆን።"

ሐሙስ

ትልቁ ቤተ መጻሕፍት የጋዜጣ ክፍል ውስጥ ዋልኩ። የድሮዎቹ ጋዜጦች በፊልም ጥቅል ላይ ናቸው። አንዲት ሠራተኛ ጥቅሉን እንዴት እንደምሰካ ሦስት ጊዜ አሳየችኝ፤ በአራተኛው እኔ ሳልጠራት መጥታ ሰክታልኝ ሄደች። በአንድ ቁልፍ ንክኪ ከዘጠና ዓመት በፊት የወጣ የስፖርት ገጽ ፊቴ ሲበራ፣ ምድር ቤታችን ውስጥ ያሉት የቃጫ እስሮች ትዝ አሉኝ፤ ቀናሁ ማለት እችላለሁ።

ማታ ላይ ሃያ ዘጠኙን ግጥሚያዎች ከነቀናቸው አገኘሁ። የየቀኑን ስም አወጣሁ። ዘጠኙ ዓርብ ናቸው። ዘጠኙም ባልቲሞር ውስጥ ነው የተካሄዱት። ከዘጠኙ አንዱ ደግሞ መስታወት ውስጥ ያለው ድል ነው።

ራቴን ሳልጨርስ ሚስስ ሩት በጽጌ ስልክ ደወሉ። ምን ተገኘ አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ ስልኩን ስዘጋ ግን እንደ ዋሸ ሰው ነበርኩ።

ዓርብ

ጽጌ ሚስተር ሐሪን ይዛ የዓይን አፖይንትመንት ሄደች። እኔን ሰለሞን ብቻዎን አይዋሉ ብሎ ታክሲው ውስጥ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ኑሩ መስጊዱ ፓርኪንግ ውስጥ ቁልፉንና ስልኩን አቀበለን፤ እየሮጠ ገባ። ወዲያው ስልኩ ጠራ። የደወሉት አንዲት የቆዩ ደንበኛ ናቸው፤ ጥርስ ሐኪም ጋ አደረስናቸው። በመንገድ ላይ ከኋላ ሆነው ሰለሞንን ታዘቡት።

"ሰለሞን፣ እሑድ ስታወራ አትጠገብም፤ ዓርብ ዝም ትላለህ። ደግሞ እሑድ ወፍረህ ነበር፣ ዛሬ ቀጥነሃል። ምን ሆነሃል?"

"ዓርብ እጾማለሁ፤ ሲርበኝ ወሬ አልወድም" አላቸው ሰለሞን፣ መስታወቱን እንኳን ሳያይ።

ሴትየዋ መልሱ በቃቸው። ሲወርዱ አይዞህ ብለውት ሄዱ። ሰለሞን በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መሐል ላይ አቆምኩ።

"ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?" አለኝ።

ደብተሬን አውጥቼ ነበር። እሑድ ወፍራም፣ ዓርብ ቀጭን። አንድ ስም፣ ሁለት ሰው፣ ለጸሎት ቀናቸው ሲሉ የሚለዋወጡ። ሁለት ቀን ሙሉ የሚኪ ላቨልን ስምና ቀን ሳነብ አንድ ጊዜ እንኳን ሰውነቱን አላነበብኩም። ሠላሳ ዓመት ሚዛን ሥር ቆሜ የቦክሰኛ ክብደት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ቅዳሜ

ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። አሁን የማነበው ክብደቱንና እጁን ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ዓምድ ሠራሁ። በአንዱ ሰኞ ማታ ዋሺንግተን ውስጥ አንድ መቶ ሃያ ሁለት ፓውንድ የመዘነ ሚኪ ላቨል አለ። በሌላው፣ በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ባልቲሞር ውስጥ አንድ መቶ ሠላሳ አንድ ፓውንድ የመዘነ ሚኪ ላቨል አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ እንደገና አንድ መቶ ሃያ ሁለት። ልዩነቱ አራት ኪሎ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ከእህል ነጋዴ በተዋስነው ሚዛን ላይ፣ አንድ ኪሎ ለማውረድ ላስቲክ ለብሰው ሲሮጡ የሚያድሩ ልጆች አይቻለሁ። በአራት ቀን አራት ኪሎ ጨምሮ በአራት ቀን የሚያወርድ ሰው አላየሁም።

እጁ ደግሞ ነበር። የባልቲሞር ዘጋቢዎች በአራት የዓርብ ግጥሚያዎች ላይ፣ ላቨል በግራ እጁ ስለሚመታ ተጋጣሚዎቹ እንደተቸገሩ ጽፈዋል። የዋሺንግተኑ ላቨል ሰዎችን የሚጥለው፣ ከጣለ፣ በቀኙ ነው። ፎቶውን አስታወስኩ።

ምናልባት ሚኪ ላቨል የሚለው ስም ባለቤቱ ግጥሚያ የሚያዋውለው ማናጀር ነበር፤ ዓርብ አልጋጠምም ያለውን ልጅ ላለማጣት ለዓርቡ ሌላ ሰው አቆመ። ይህን የሚያረጋግጥ ወረቀት አላገኘሁም፤ ስለዚህ ግምት ብዬ አስቀምጠዋለሁ።

እሑድን ከጽጌና ከሰለሞን ጋር ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ከዚያ ተኝቼ ዋልኩ። ኑሩ ሲሠራ ዋለ።

ሰኞ

ለሚስተር ሐሪ ሁለቱን ዓምዶች አነበብኩላቸው። አንድ ጊዜም አላቋረጡኝም። ሲያበቃ እንደገና አንብብ አሉኝ። አነበብኩ። ቅጂዎቹን ተቀብለው በትልቅ ማጉያ ሥር አንድ በአንድ አዩ፤ አንዱን መለሱልኝ። ከገጹ ራስጌ ያለው የጋዜጣው ቀን ሳይገባ ነበር ያነሳሁት፤ ደብተሬም ላይ የጻፍኩት የግጥሚያውን ቀን ብቻ ነው።

"ቀኑን የሚያነብ ሰው መስለኸኝ ነበር" አሉ።

አለቃዬ በጀማሪነቴ ጽሑፌን ሲቀድብኝ እንኳን እንዲህ አላፈርኩም። የቀሩትን ቅጂዎች ደርድረው ካስቀመጡ በኋላ ግን፣ የዓርቡ ሰው ሌላ መሆኑን እንደተቀበሉ ተናገሩ። ቀኝ እጁ ሚኪ ላቨል አብራሃም ሴልኒክ ለመሆኑ ግን አሁንም አንድም ወረቀት የለንም።

ማክሰኞ

የጠፋውን ቀን ፍለጋ ተመለስኩ። የዋሺንግተኑን ጋዜጣ ገጽ ሳገኘው አጠገቡ ካለው ገጽ ግርጌ፣ ከጫማ ማስታወቂያ በላይ፣ አምስት መስመር ዜና አየሁ። ባለፈው ማየት አላስፈለገኝም ነበር። ሚኪ ላቨል በሚል ስም የሚታወቀው የከተማችን ቦክሰኛ፣ እውነተኛ ስሙ አብራሃም ሴልኒክ፣ በመጪው እሑድ ትዳር ይመሠርታል ይላል። ስሕተት ባልሠራ ኖሮ አላገኘውም ነበር፤ ይህን ለጀማሪዎች እንዳትነግሩብኝ።

ከሕንፃው ወጥቼ ለሚስተር ሐሪ ደወልኩ። "ሁለተኛውስ?" አሉኝ። ለሚስስ ሩት ደወልኩ። የወላጆቻቸው የጋብቻ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ቀኑ ያው እሑድ፣ የባል ሥራ በሚለው ቦታ ላይ "ቦክሰኛ"።

ረቡዕ

አሁን የቀረው አይሁዳዊነቱ ነው። የጋብቻ ወረቀቱን የፈረመው የአይሁድ ሃይማኖት መሪ አንድ ማስረጃ ነው፤ ሁለተኛ ግን ያስፈልጋል፤ ሚስተር ሐሪ ለማንም ሕጋቸውን አይለውጡም። ሰለሞን ሚስተር ሐሪን፣ ጽጌንና እኔን ጭኖ አሌክሳንድሪያ ሚስስ ሩትን ጨመረ፤ የአባታቸው መቃብር ወዳለበት ሄድን። ሁለቱ አረጋውያን ለስድስት ዓመት በስልክ ሲከራከሩ ኖረው ፊት ለፊት ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው። ሚስስ ሩት "በድምፅዎ ረጅም ይመስሉኝ ነበር" አሏቸው። ሚስተር ሐሪም "ብዙ ሰው እንደዚያ ይለኛል፤ ከዚያ ያየኛል" አሉ።

የመቃብሩ ድንጋይ በላይ በዕብራይስጥ፣ በታች በእንግሊዝኛ ተቀርጿል። ሚስተር ሐሪ ፊደሉ አልታያቸው አለ። ጽጌ ክንዳቸውን ይዛ አጎነበሰቻቸው፤ እጃቸውን በድንጋዩ ላይ አስኬዱ፣ ፊደል በፊደል።

"አብርሃም" አሉ። ጣታቸው ወረደ። "የመርዶክዮስ ልጅ።"

የቤተሰብ ስም የለም፤ ልክ እንደኛ፣ ሰውየውና አባቱ ብቻ። ጽጌ በየቢሮው የሷ፣ የባሏና የልጇ ስም ለምን እንደማይገጥም ስታስረዳ የኖረች ሴት ናትና ድንጋዩን አይታ "እነዚህስ ይገባቸዋል" አለች።

ሚስስ ሩት ቤት ስንመለስ ከጠዋቱ የሠሩትን የምስር ሾርባ አሙቀው አቀረቡ። ረቡዕን አልረሱም። ከመብላታችን በፊት ነገርኳቸው። ሁሉንም በቅደም ተከተል፦ ስሙን፣ ጋብቻውን፣ ክብደቱን፣ ሁለቱን ሰዎች። አባታቸው ሚኪ ላቨል ነበሩ። ዓርብም አልተጋጠሙም፤ አንድም ጊዜ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

"ይህስ?"

"ዓርብ ነው" አልኩ። "በግራ እጅ ነው የተመታው። አባትዎ አይደሉም።"

በሥራዬ ብዙ ሰው ድሉ ሲነጠቅ አይቻለሁ፤ ከዳኛ ውሳኔ በኋላ ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የሳቸው ፊት ግን እንደዚያ አልነበረም።

"ምን ቀረለት?" አሉኝ።

"ሃያ ግጥሚያ። ሰባት አሸንፈዋል፣ አሥራ አንድ ተሸንፈዋል፣ ሁለቱ እኩል ናቸው።"

"ካሸነፍኩት የተሸነፍኩት ይበልጣል" አሉ ቀስ ብለው። "እኮ ነገረን። ዕድሜውን ሙሉ እውነቱን ሲነግረን እኛ ትሑት ነው አልነው።"

ተነሡ። ሰለሞን ሊያግዛቸው ሲነሣ በእጃቸው ከለከሉት። መስታወቱን ራሳቸው ከምስማሩ አወረዱ፤ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ከሌላው ይልቅ ነጭ ነው። ለሚስተር ሐሪ አስታቀፏቸው። ከዚያ ጀርባው ለግድግዳው የዞረውን ወንበር ይዘው ጎተቱና አዞሩት።

"አሁን ወደፈለገበት ዞሮ ይብላ" አሉ።

ሾርባውን በላን። ሦስት ጊዜ ጨመሩልኝ።

እሑድ

ወደ ደለስ ያደረሰኝ ኑሩ ነው፤ እሑድ ጠዋት ነበርና። ጽጌ ከቅዳሴ በፊት ሻንጣዬን ደግማ ዘግታ፣ ለመንገድ ያለችውን ስንቅ ላዩ ላይ ቀን ጽፋበት ሰጠችኝ። ሚስተር ሐሪ የቀሩኝን ሁለት እርሳሶች አስቀሩብኝ፤ ለማስታወሻ ነው አሉ። ከመለያየታችን በፊት አንድ አዲስ ካርድ አስጽፈውኝ ነበር፤ ስሙ ያልታወቀ፣ ግራ እጅ፣ ዓርብ ማታ፣ ባልቲሞር። ከዚያ የመስታወቱን ድል ከሥሩ አስገቡለት። የማንም ልጅ ባይጠይቅለትም ሰውየው አሸንፏል፤ መጻፍ አለበት አሉ።

ከወራት በኋላ መዝገቡ በፖስታ ደረሰኝ። ቀኑን ካየሁ በኋላ የላቨልን ገጽ አወጣሁ። ሴልኒክ፣ አብራሃም፤ የመርዶክዮስ ልጅ፤ ሃያ ግጥሚያ። በዚያ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ ቁጥርና የምንጭ ዝርዝር ብቻ ነው ያለው፤ በሱ ስም ሥር ግን ሚስተር ሐሪ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምረዋል፦ "ዓርብ አይጋጠምም ነበር።"

መጨረሻው ገጽ ላይ ምስጋና አለ። ጽጌ አለች፣ እኔም አለሁ። ከእኛ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ "ለሰለሞን፤ ለሁለቱም።"